ዘይትና አንቲኦክሲዳንት ከተክል ማውጣት፦ የትኛው አሟሚ፣ የትኛው የማሞቂያ ዘዴ?

ከዘር ዘይት፣ ከቅጠል አንቲኦክሲዳንት (ዘይትና ምግብ በኦክስጅን እንዳይበላሹ የሚከላከል ንጥረ ነገር) ለማውጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የምርጫ ብዛት ነው። አንዱ ጽሑፍ ከአሟሚዎች፣ ማለትም የተክሉን ንጥረ ነገር አሟሙተው ከሚያወጡ ፈሳሾች፣ ሄክሴንን ያነግሣል። ሌላው ከኤታኖል (ከመጠጥ አልኮል) ወዲያ ላሳር ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሁሉንም ትቶ ስለ ማይክሮዌቭ ያወራል። ሁሉም ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሮቹ ግን እርስ በርስ አይገናኙም። ቢገናኙ ነበር የሚገርመው። እያንዳንዱ የሞከረው በተለየ ተክል ላይ፣ የተለየ ነገር ፈልጎ ነው።

ስለዚህ "ምርጡ የቱ ነው?" ብሎ መነሳት አያዋጣም። ምን ለማውጣት፣ ለምን አገልግሎት፣ በምን አቅም? ጥያቄው ይኼ ነው። በእኔ እይታ አብዛኛው የተሳሳተ ምርጫ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ሰው አሟሚው ስንት እንደሚያወጣለት ያሰላል፤ አሟሚው ራሱ በኋላ ከንጥሩ (ከተክሉ ከወጣው ነገር) ውስጥ እንዴት እንደሚወገድ ግን አያስብም። ችግሩ የሚታየው ብልቃጡ ከሞላ በኋላ ነው።

## በምን እንመዝን?

የምትፈልጉት ነገር ባሕርይ። ዘይት፣ ቫይታሚን ኢ እና ካሮቲኖይድ (ለካሮት ቀለሙን የሚሰጡት ዓይነት ንጥረ ነገሮች) ከውሃ ጋር አይስማሙም። የሚሟሙት ስብ መሰል በሆነ፣ ማለትም ፖላር ባልሆነ አሟሚ ውስጥ ነው። ፖሊፌኖሎች (ብዙ የተክል አንቲኦክሲዳንቶች የሚመደቡበት ቤተሰብ) በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ናቸው፤ አልኮልና ውሃ ይወዳሉ። "አንቲኦክሲዳንት ማውጣት እፈልጋለሁ" ማለት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። የሮዝሜሪ ቅጠልን ውሰዱ። በውስጡ ካርኖሲክ አሲድ አለ፤ ስብ ወዳድ ነው። እዚያው ቅጠል ላይ ሮዝማሪኒክ አሲድ አለ፤ ውሃ ወዳድ ነው። ዘይት እንዳይበላሽ የሚያቆይ ነገር ከፈለጋችሁ የሚጠቅማችሁ የመጀመሪያው ነው። በፈላ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ካወጣችሁት ግን በብዛት የምታገኙት ሁለተኛውን ነው።

የንጥሩ አገልግሎት። የሚበላ ነው? ቆዳ ላይ የሚቀባ? ወይስ ላቦራቶሪ ውስጥ ተለክቶ የሚደፋ? የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በምግብ ዘይት ውስጥ ከ1 ሚሊ ግራም በኪሎ በላይ የሄክሴን ቅሪት አይፈቅድም። ለመድኃኒት የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መመሪያ ሄክሴንን በሚሊዮን 290 እጅ፣ ሜታኖልን በ3000 እጅ ይገድባል። ኤታኖል፣ አሴቶንና ኤቲል አሲቴት የአደጋቸው ደረጃ ዝቅ ያለ ስለሆነ እስከ 5000 እጅ ይፈቀድላቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ግማሹን ምርጫ ይወስኑላችኋል።

ሙቀት መቻል። አንቶሲያኒን፣ ማለትም ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች፣ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቆዩ ይፈርሳሉ። ቫይታሚን ሲም ያው ነው። የአረንጓዴ ሻይ ካቴኪኖች ከ80 ዲግሪ በላይ ብዙ ሲቆዩ መዋቅራቸው ይቀየራል። አንዳንድ ፌኖሊክ አሲዶች ደግሞ ጠንከር ያለ ሙቀት ይችላሉ። (ከዚህ በኋላ ዲግሪ ስል ሴንቲግሬድ ማለቴ ነው።)

አሟሚውን የማስወገድ ድካም። ይህን ትንሽ ልዘርዝረው፤ የወጪው ዋና ምንጭ ነውና። አንድ ኪሎ ሄክሴን በፍላቱ ላይ ለማትነን ወደ 335 ኪሎጁል ጉልበት ይበቃል። ኤታኖል ወደ 840 ይፈልጋል። ውሃ 2257። ማለትም ውሃን ማትነን ከሄክሴን ስድስት እጥፍ ተኩል በላይ ያስከፍላል። "ውሃ ነጻ ነው" የሚባለው እስከ ማድረቂያው ድረስ ብቻ ነው።

እሳትና ጤና፣ ከዚያም ገንዘብ። የመሣሪያ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአየር ማስወጫው፣ የእሳት መከላከያውና የአሟሚ ማስወገጃው ወጪ አብሮ ይደመር።

## አሟሚ ከመግዛታችሁ በፊት

አንድ ነገር በቅድሚያ። እርጥብ ወይም በደንብ ያልተፈጨ ተክል ይዞ ስለ አሟሚ መጨነቅ ዋጋ የለውም። ቅጠሉ በጥላ ወይም ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይድረቅ፤ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ይውረድ። እርጥብ ቅጠል ውስጥ ፖሊፌኖልን የሚያበላሹ ኢንዛይሞች ሥራቸውን አያቆሙም። የተቆረጠ ፖም የሚጠቁረው በእነሱ ነው። ከዚያ ይፈጭና በወንፊት ይነፋ። ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ለብዙ ተክል ተስማሚ ነው። እንደ ዱቄት ከላመ ግን ማጣሪያውን ይደፍንና ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የአሟሚው መጠን፦ ለ1 ግራም ደረቅ ተክል 10 ሚሊ ሊትር ጥሩ መነሻ ነው። ያንኑ መጠን በአንዴ ከመድፋት ሦስት ቦታ ከፍሎ ሦስት ጊዜ ማውጣት ብዙ ጊዜ የተሻለ ያስገኛል። ይህ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ግን ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

## አሟሚዎቹ አንድ በአንድ

### ያለ አሟሚ መጭመቅ

ዘይት ብቻ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያስበው የሚገባ አማራጭ ነው። ሰሊጥ፣ የሱፍ አበባ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባ የመሳሰሉት ዘይታቸው ብዙ ስለሆነ በመጭመቂያ ይወጣል። ከፋጉሎው ጋር ከ5 እስከ 10 በመቶ ዘይት ይቀራል። ይህ ኪሳራ ነው፤ ግን የሚወገድ አሟሚ የለም፣ የሚለካ ቅሪት የለም፣ የእሳት ስጋቱም ትንሽ ነው። ፋጉሎው ራሱ ለከብት መኖ ይሆናል።

ደካማ ጎኑ ዘይታቸው አነስተኛ የሆነ ዘሮች ላይ ነው። አኩሪ አተር 20 በመቶ ገደማ ብቻ ዘይት አለው፤ ከዚያ ላይ 5 በመቶው ሲቀር ሩቡ ጠፋ ማለት ነው። ለቅጠልማ ጭራሽ አይሆንም።

### ሄክሴን

የዘይት ፋብሪካዎች ሄክሴንን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። በ69 ዲግሪ ይፈላል፤ በትንሽ ጉልበት ይተናል፤ ተጠራቅሞ እንደገና ያገለግላል። ዘይቱን አጥቦ ያወጣና ስኳሩንና ፕሮቲኑን እዚያው ይተዋል። በፋጉሎው ውስጥ የሚቀረው ዘይት ከ1 በመቶ በታች ነው። በምርት መጠን ብቻ ከተወዳደርን ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር።

ግን አያበቃም። ሄክሴን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎቱ ከአየር ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ለወለል እየሄደ ራቅ ያለ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ጋ ይደርሳል። አየር ውስጥ 1.1 በመቶ ከደረሰ ለመፈንዳት በቂ ነው። ለረጅም ጊዜ የተነፈሰው ሰው ላይ ደግሞ የእጅና የእግር ነርቭን ይጎዳል። ሰውነት ሄክሴንን ሲሰባብር የሚፈጠረው 2፣5-ሄክሴንዳዮን የተባለ ውህድ ነው ጥፋተኛው።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ዝግ የሆነ፣ አሟሚውን መልሶ የሚይዝ፣ ብልጭታ የማያስነሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ የተገጠመለት ተቋም ካላችሁ ሄክሴን ጥሩ ነው። ፊዩም ሁድ (እንፋሎት እየሳበ የሚያስወጣ የሥራ ሳጥን) ባለው ላቦራቶሪም ይሠራል። በመኖሪያ ቤት፣ በጋራዥ፣ በጓሮ ግን በፍጹም። "ትንሽ ነው የምጠቀመው" የሚለው ምክንያት አይሠራም።

ለፖሊፌኖል ከሆነ ደግሞ ሄክሴን ከንቱ ነው። አንድ ጥቅም ግን አለው፦ ቅጠሉን ወይም ዘሩን አስቀድሞ ከስብና ከሰም ለማጽዳት ያገለግላል። ከዚያ በኋላ በአልኮል የሚወጣው ንጥር የጠራ ይሆናል።

### ኤታኖል

ከሁሉም ረዘም አድርጌ የማየው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ለአብዛኛው አንባቢ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ኤታኖል እንደ ውሃው መጠን ጠባዩ ይለያያል። 96 በመቶ ሲሆን ሬንጅ መሰል ነገሮችን፣ ካርኖሲክ አሲድን፣ የእርድን ኩርኩሚን ያወጣል። ውሃ ጨምራችሁ ወደ 70 በመቶ ስታወርዱት የአብዛኞቹ ፖሊፌኖሎች ወዳጅ ይሆናል። ውሃው የደረቀውን የተክል ሕዋስ ያሳብጠዋል፤ ኤታኖሉ ገብቶ ይዞ ይወጣል። ንጹሕ ኤታኖል ብቻውን ደረቅ ቅጠል ላይ ሲፈስ ያን ያህል ዘልቆ የማይገባው ለዚህ ነው። "ንጹሕ ሲሆን ይበልጥ ጠንካራ ነው" ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡንም ምርቱንም ያጣል። በብዙ ተክሎች ላይ ጥሩ ውጤት የሚገኘው ከ50 እስከ 80 በመቶ ባለው ክልል ነው። ከዚህ በታች ስኳርና ሙጫ አብሮ ይበዛል፤ ከዚህ በላይ ክሎሮፊልና ሰም።

70 በመቶውን ለማዘጋጀት ከ96 በመቶው 730 ሚሊ ሊትር ገደማ ወስዳችሁ በተጣራ ውሃ 1 ሊትር ሙሉት።

ለዘይትስ? ኤታኖል በክፍል ሙቀት ዘይትን ብዙም አያሟሟም። ከፍተኛ ንጽሕና ያለው ኤታኖል ወደ ፍላቱ፣ ማለትም ወደ 78 ዲግሪ ሲጠጋ ግን በደንብ ያሟሟል። ውበቱ የሚመጣው ሲቀዘቅዝ ነው፤ አብዛኛው ዘይት ራሱ ተለይቶ ከታች ይተኛል። ሁሉንም አሟሚ ማትነን አያስፈልግም። ችግሩ ዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ኤታኖሉ ውሃውን ይጠጣል፤ ውሃ በጠጣ ቁጥር ዘይት የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። በተራ ማንጠር ደግሞ ከ95.6 በመቶ በላይ መልሶ ማጥራት አይቻልም፤ ውሃና ኤታኖል እዚያ ላይ ሲደርሱ አብረው ይተናሉ።

እሳት ይይዛል? አዎ። ከ13 ዲግሪ ጀምሮ እንፋሎቱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከሄክሴን ይሻላል እንጂ ቸል የሚባል አይደለም። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ በዋተር ባዝ (በሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ) ይሞቅ። ሌላው፣ ለማቃጠያና ለማጽጃ የሚሸጠው አልኮል መርዛማው ሜታኖል ሊቀላቀልበት ይችላል። ለሚበላ ነገር መግዛት ያለባችሁ ለምግብ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ነው።

### ውሃ

ታኒንና ሌሎች ውሃ ወዳድ ፖሊፌኖሎችን ለማውጣት ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ያለ ውሃ መናቅ የለበትም። ፈቃድ አይጠይቅም፤ አይቃጠልም። ግን ስኳሩን፣ ፕሮቲኑን፣ ሙጫውን ሁሉ ጠርጎ ያመጣል። ንጥሩ ቶሎ ይሻግታል። ማድረቁ ከላይ እንዳየነው ውድ ነው። በዚያው ቀን የምትጠቀሙበት ከሆነ ውሃ በቂ ነው። ዱቄት አድርጋችሁ ልታስቀምጡ ከሆነ ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩ።

### ሜታኖል፣ አሴቶን፣ ኤቲል አሲቴት

ብዙ ጥናቶች ሜታኖልን ይጠቀማሉ። በደንብ ስለሚያወጣና በ65 ዲግሪ ስለሚፈላ ነው። የዓይን ነርቭን የሚያጠፋ መርዝ ስለሆነ ግን ከላቦራቶሪ ልኬት ውጭ አታስቡት። አንድ ጥናት በሜታኖል ጥሩ ውጤት አገኘ ማለት እናንተም ለምርት ሜታኖል ግዙ ማለት አይደለም። በኤታኖልና በውሃ ቅልቅል ተቀራራቢ ነገር ይገኛል።

አሴቶን በ56 ዲግሪ ይፈላል፤ በቀላሉ ይወገዳል። 70 በመቶ አሴቶን ከባድ ታኒኖችን ለማውጣት ከአልኮል ይበልጣል፤ ካሮቲኖይድም ይወጣበታል። በእሳት በኩል ግን ከሄክሴን ብዙም አይሻልም። ኤቲል አሲቴት መሃል ላይ ያለ ነው፦ በ77 ዲግሪ ይፈላል፣ ስኳርን አይነካም፣ መካከለኛ ፖላር የሆኑ ነገሮችን ይመርጣል። እኔ ብዙ ጊዜ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ማጥሪያ ነው የማየው፤ የኤታኖል ንጥሩን ወደ ውሃ አምጥቶ በእሱ ማጠብ።

### ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከፍተኛ ግፊት

ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር ገደማ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝም ፈሳሽም ያልሆነ ሁኔታ ውስጥ ይገባል። እንደ ጋዝ ይሰርጋል፣ እንደ ፈሳሽ ያሟሟል። ግፊቱን ስትለቁት ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚቀር የለም። አሟሚን የማስወገድ ጥያቄ በአንድ ምት ተፈታ። ካፌይንን ከቡና ለማስወጣትና የቢራ ጌሾን መራራ ንጥር ለማውጣት ለብዙ ዓመታት በፋብሪካ ሲሠራበት ቆይቷል።

ታዲያ ሁሉም ለምን አይጠቀምበትም? መሣሪያው ውድ ነው። ሥራው በብዛት የሚካሄደው ከ200 እስከ 400 ባር ግፊት ላይ ስለሆነ ብረቱም፣ ፓምፑም፣ ጥበቃውም ልዩ ነው። በዚያ ላይ ፖላር አይደለም። ለዘይት፣ ለሽታ ዘይትና ለካሮቲኖይድ ድንቅ ነው፤ ለፖሊፌኖል ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ካልታከለበት እጁ ባዶ ነው። ኤታኖል ከታከለ ደግሞ ኤታኖሉን የማትነን ሥራ ተመልሶ መጣ።

አዳዲሶቹን ባጭሩ፦ 2-ሜቲልኦክሶሌን ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚሠራ፣ በ80 ዲግሪ የሚፈላ የሄክሴን ተተኪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ለምግብ ማውጫነት ፈቅዶታል። ከስኳርና ከአሲድ ተቀላቅለው የሚዘጋጁ "ጥልቅ ዩቴክቲክ" የሚባሉ ፈሳሾች ደግሞ ፖሊፌኖልን በጣም በደንብ ያወጣሉ። ግን አይተኑም። ንጥሩን ከእነሱ መለየት ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ከነፈሳሹ የምትጠቀሙበት ካልሆነ በቀር ለምርት ገና ናቸው።

## የማሞቂያ ዘዴዎቹ

በቀዝቃዛ መዘፍዘፍ። ክዳን ያለው ዕቃ፣ ጨለማ ቦታ፣ አልፎ አልፎ ማማሰል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን። አዝጋሚ ነው፤ ግን ሙቀት የሚጎዳውን ነገር አይነካም፤ መሣሪያም አይጠይቅም። ወደ 40 ወይም 50 ዲግሪ አሙቃችሁ ማማሰያ ብታደርጉበት ቀናቱ ወደ ሰዓታት ያጥራሉ። ብዙ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ሶክስሌት። ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት በ1879 የወተት ስብ ለመለካት የሠራው መሣሪያ እስከ ዛሬ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። አሟሚው ይፈላል፣ ይተናል፣ ቀዝቅዞ ተክሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሲሞላ ይገለበጣል። ተክሉ ሁልጊዜ ንጹሕ አሟሚ ያገኛል፤ ማጣሪያም አያስፈልግም። ዘሩ ውስጥ ያለውን አጠቃላይ የዘይት መጠን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ የለም። ግን የወጣው ንጥር ከታች ባለው ብልቃጥ ውስጥ ለ6፣ ለ8፣ አንዳንዴ ለ24 ሰዓት ሲፈላ ይቆያል። ለዘይት ልኬት ይህ ችግር የለውም። ለአንቲኦክሲዳንት ግን ያወጣችሁትን መልሶ መቀቀል ነው። በሶክስሌት ምርቱ ጨምሮ አንቲኦክሲዳንት ኃይሉ ከቀነሰ አትደነቁ።

አልትራሳውንድ። ከ20 እስከ 40 ኪሎኸርዝ የሚሆን ድምፅ በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎችን ፈጥሮ ያፈነዳል። ፍንዳታው የሕዋሱን ግድግዳ ይሰነጥቃል። በመዘፍዘፍ አንድ ቀን የሚወስደው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያልቃል። ገንዳ መሰሉ ርካሽ ነው፤ ግን ጉልበቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ዛሬ ያገኛችሁትን ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ። ዘንግ መሰሉ ኃይለኛ ነው፤ በአጭር ጊዜ ፈሳሹን ያግላል። ስለዚህ ዕቃውን በረዶ ውስጥ አድርጉ፣ ቴርሞሜትር አይለየው። ከመጠን ያለፈ ድምፅ ውሃ ውስጥ ነጻ ራዲካሎችን ይፈጥራል፤ አንቲኦክሲዳንቱ እዚያው ተዋግቶ ያልቃል። ረዘም ማለቱ ጥቅም የለውም።

ማይክሮዌቭ። ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ተክሉ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ይሞቃል፣ ሕዋሱ ከውስጥ ይፈነዳል። ደቂቃዎች ይበቃሉ። አሟሚው ማይክሮዌቭ የሚቀበል መሆን አለበት፦ ውሃና ኤታኖል ይቀበላሉ፤ ሄክሴን አይቀበልም፣ እንደ ብርሃን በመስታወት ያልፈዋል። በጣም አስፈላጊው ነገር ግን ይኸውላችሁ። የኩሽና ማይክሮዌቭ ውስጥ ኤታኖልም ሆነ ሌላ ተቀጣጣይ አሟሚ ማስገባት ቦምብ መሥራት ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀትና ግፊት የሚቆጣጠር መሣሪያ ከሌላችሁ በውሃ ብቻ ተወሰኑ፤ ወይም ዘዴውን ተዉት።

በግፊት ማሞቅ። አሟሚው እንዳይፈላ በ100 ባር ገደማ ተጨቁኖ እስከ 200 ዲግሪ ይሞቃል። ሃያ ደቂቃ ያህል በቂ ነው፤ አሟሚውም ጥቂት ነው። ውሃ በዚህ መንገድ ወደ 250 ዲግሪ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል፤ ፖላርነቱ ወርዶ ኤታኖልን ይመስላል። ግን ያን ያህል ሙቀት ስኳሩን ያጠቁረዋል፤ የጠቆረው ስኳር ደግሞ በልኬት ላይ አንቲኦክሲዳንት መስሎ ይታያል። ብዙ ናሙና ለሚመረምር ተቋም ጥሩ ነው። ለሌላው ቅንጦት ነው።

በእንፋሎት ማንጠር። ይህ ለሽታ ዘይት ብቻ ነው። እዚህ የገባው ብዙ ሰው ስለሚያደባልቀው ነው። የሚተን ነገር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ፖሊፌኖልም የምግብ ዘይትም አይተኑም። ከማንጠሪያው ውስጥ የሚቀረውን ቅጠል ግን አትጣሉት። ፖሊፌኖሉ እዚያው ነው፤ አድርቃችሁ በ70 በመቶ ኤታኖል ማውጣት ትችላላችሁ።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የሚመቸው ለ | የማይመቸው ለ | ዋና ስጋት | የወጪ ደረጃ |
|---|---|---|---|---|
| መጭመቅ | ዘይት የበዛባቸው ዘሮች | ቅጠል፣ ፖሊፌኖል | ዘይት በፋጉሎ ይቀራል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ሄክሴን | ዘይት በብዛት | ፖሊፌኖል፣ የቤት ሥራ | ፍንዳታ፣ የነርቭ ጉዳት፣ ቅሪት | በፋብሪካ ደረጃ አነስተኛ፣ ለጀማሪ ከፍተኛ |
| ኤታኖል 96 በመቶ | ካርኖሲክ አሲድ፣ ኩርኩሚን | እርጥብ ተክል | እሳት፣ ክሎሮፊል | መካከለኛ |
| ኤታኖል 50–80 በመቶ | አብዛኛው ፖሊፌኖል | ዘይት | እሳት | መካከለኛ |
| ውሃ | ውሃ ወዳድ ፖሊፌኖል | ዘይት፣ ካሮቲኖይድ | መሻገት፣ የማድረቅ ወጪ | መነሻው ዝቅተኛ |
| ሜታኖል | የላቦራቶሪ ልኬት | የሚበላ ማንኛውም ነገር | መርዝ | ዝቅተኛ |
| ካርቦን ዳይኦክሳይድ | ዘይት፣ ካሮቲኖይድ | ፖሊፌኖል ብቻውን | ከፍተኛ ግፊት | በጣም ከፍተኛ |
| መዘፍዘፍ | ሙቀት የሚጎዳው ሁሉ | ለሚቸኩል | ጊዜ | በጣም ዝቅተኛ |
| ሶክስሌት | የዘይት መጠን መለካት | ሙቀት የማይችል | ረጅም ፍላት | መካከለኛ |
| አልትራሳውንድ | ፖሊፌኖል፣ ካሮቲኖይድ | በጣም ትልቅ መጠን | ሳይታወቅ መጋል | መካከለኛ |
| ማይክሮዌቭ | በውሃና በኤታኖል ፈጣን ሥራ | በሄክሴን | ፍንዳታ በኩሽና መሣሪያ | ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው?

በትንሽ አቅም ለሚበላ ወይም ለሚቀባ ንጥር፦ 70 በመቶ የምግብ ኤታኖል፣ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ዋተር ባዝ፣ ሁለት ሰዓት ማማሰል፣ ሦስት ዙር። ቀይ ቀለም ያለው ተክል ከሆነ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ጨምሩበት፤ አንቶሲያኒን አሲድ ውስጥ ይረጋጋል። ገንዘብ ቢተርፋችሁ መጀመሪያ የምትገዙት አልትራሳውንድ ሳይሆን ቫኪዩም ማትነኛ ይሁን። ግፊቱ ወደ 175 ሚሊባር ሲወርድ ኤታኖል በ40 ዲግሪ ይፈላል፤ ያወጣችሁትን ሳታቃጥሉ አሟሚውን መልሳችሁ ታገኛላችሁ።

ዘይት ለሚያመርት አነስተኛ ድርጅት፦ መጭመቂያ። በፋጉሎ የሚቀረው ዘይት እያንገበገበ ወደ ሄክሴን የሚገፋችሁ ከሆነ በመጀመሪያ የዘሩን እርጥበትና የመጭመቂያውን ማስተካከያ ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ኪሳራው ያለው እዚያ ነው።

በቀን ብዙ ቶን ለሚያስኬድ፦ ሄክሴን፣ ከሙሉ የደኅንነት ሥርዓቱ ጋር። ወይም ገዢዎቻችሁ ሄክሴን ያልነካው ዘይት ከፈለጉና ዋጋውን ከከፈሉ ሌላውን አማራጭ ማጥናት።

ውድ ለሆነ፣ በትንሽ መጠን ለሚሸጥ ንጥር፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ለምሳሌ ለመዋቢያ የሚሆን የካሮቲኖይድ ዘይት። መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ በኪራይ ለሚያወጣ ድርጅት ማሠራት መጀመሪያ ላይ ያዋጣል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራ ተማሪ፦ ለዘይት መጠን ሶክስሌት በሄክሴን፣ ለፖሊፌኖል አልትራሳውንድ በ70 በመቶ ኤታኖል። ሁለቱን በአንድ ተክል ላይ በቅደም ተከተል ማድረግ ይቻላል፤ ስቡ ከወጣ በኋላ የቀረውን አድርቆ ወደ ኤታኖል ማለፍ።

## ቁጥሮቹ እንዳያታልሏችሁ

አማራጮችን ራሳችሁ ስታወዳድሩ የንጥሩን ክብደት ብቻ አትዩ። ክብደቱ ስኳርም፣ ሰምም፣ ያልተነነ አሟሚም ሊሆን ይችላል። ፎሊን የሚባለው የፌኖል መለኪያ ቫይታሚን ሲንና ስኳርን እንደ ፌኖል ይቆጥራል። ዲፒፒኤች የሚባለው የአንቲኦክሲዳንት ኃይል መለኪያ ደግሞ በ517 ናኖሜትር የሚነበብ የቀለም ለውጥ ነው፤ ንጥራችሁ ራሱ ቀይ ከሆነ ንባቡን ያዛባል። ስለዚህ ንጥሩን ብቻውን ለክታችሁ ቀንሱ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዘዴዎች መዝኑ።

ለዘይት ከሆነ የፐርኦክሳይድ መጠኑ፣ ማለትም ዘይቱ መበላሸት መጀመሩን የሚያሳየው ልኬት፣ ይለካ። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለተጣራ ዘይት በኪሎ እስከ 10 ሚሊ ኢኩዊቫለንት፣ በቀዝቃዛ ለተጨመቀ እስከ 15 ይፈቅዳል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን ከወር በኋላም ለኩት። አንዱ ዘዴ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ሙከራችሁ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አሟሚውንም ሙቀቱንም ጊዜውንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ተክሉ ከአንድ ጆንያ ይውጣ፣ አንዴ ይፈጭ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ሦስት ጊዜ ይደገም። ንጥሩ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ፣ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ በቅዝቃዜ ይቀመጥ። የመዳብና የብረት ዕቃ አይንካው፤ ሁለቱም መበላሸትን ያፋጥናሉ። መስታወት ወይም ስቴንለስ ስቲል ይሁን።